በጀሪካን ላይ የተጻፈ ቃል



ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን መጻፍ፣ የግብር ደረሰኝ ማንበብ ችላችኋል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ማንበብ ማለት ፊደሉን መጥራት ብቻ አይደለም። «ይህ የተጻፈው ነገር በእኔና በቤተሰቤ ላይ ምን ያመጣል?» ብሎ መጠየቅም ማንበብ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ሦስት ቃል ብቻ ስላላት አንዲት የእንግሊዝኛ አነጋገር ነው። አነጋገሯ አጭር ናት። ሆኖም ያነበባትንና የገባችውን ሰው ከሞት ልታድን ትችላለች። በጥሞና እናንብብ።

1. ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

እኛ ለመሠረተ ትምህርት ተመድበን የመጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። በሐዋሳ ከተማ ዳር ማታ ማታ ጎልማሶችን እናስተምር ነበር። አንድ ቀን «ነገ ሁላችሁም ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ እሱን እናነባለን» አልን። በማግስቱ አንዱ የክብሪት ቀፎ፣ ሌላው የሳሙና መጠቅለያ፣ ሌላው የማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። አንዲት እናት ግን አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ይዘው መጡ። ባዶውን ከገበያ በርካሽ ገዝተውት ነበር። ትንሿ ልጃቸው ውሃ የምትቀዳው በእሱ ነው።

በጀሪካኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግማሹ ተቀዷል። ከታች በኩል ቢጫ ቀለም ይታያል። ከቀለሙ በላይ በእንግሊዝኛ «ሃርምፉል ኢፍ ስዋሎድ» ይላል። እናታችን «ይኼ ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን።

እኛም ፈጠን ብለን «ቢጠጡት ጥሩ አይደለም ማለት ነው» አልን።

እሳቸው ግን አልረኩም። «ልጆቼ፣ ጥሩ ያልሆነ ነገር ብዙ ነው። አረቄም ጥሩ አይደለም፤ ብዙ ጨውም ጥሩ አይደለም። ይኼኛው ምን ያህል ነው ጥሩ ያልሆነው? ልጄ እኮ በዚህ ውሃ ጠጥታለች» አሉን።

መልስ አጣን። አፈርን። ቃሉን እናውቀው ነበር፤ ፍቺውን ግን በቅጡ አናውቀውም ነበር። በማግስቱ አንዳችን ከእናታችንና ከልጃቸው ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። ሌሎቻችን የግብርና ባለሙያ ፈልገን ጠየቅን። ከዚህ በታች የምታነቡት ያን ጊዜ የተማርነውን ነው።

2. የቃሉ ፍቺ

«ሃርም» ማለት ጉዳት ማለት ነው። «ሃርምፉል» ጉዳት ያለበት፣ የሚጎዳ ማለት ነው። «ኢፍ» በአማርኛ «ቢ» ወይም «ከ» ብለን በግስ ላይ የምንጨምረው ነው፤ «ቢመጣ»፣ «ቢጠጣ» እንደምንለው። «ስዋሎድ» የተዋጠ ማለት ነው። እንግዲህ ሦስቱን ስናጋጥማቸው «ቢዋጥ ጉዳት ያደርሳል» የሚል ቃል ይወጣል።

እንግሊዞች «ሃርም» የሚለውን ቃል በሌላ አነጋገርም ይጠቀሙበታል። ሰው አደጋ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ሲቆም ወይም ሌላ ሰው እዚያ ሲያቆመው «ኢን ሃርምስ ወይ» ይላሉ። ቃል በቃል ሲታይ «በጉዳት መንገድ ላይ» እንደ ማለት ነው። ጉዳት እንደ ጎርፍ የራሱ መንገድ አለው፤ ሰውየው ደግሞ በመንገዱ ላይ ቆሟል ማለታቸው ነው። እኛ ይህንኑ ነገር «ለጉዳት ተጋለጠ» እንላለን። «ተጋለጠ» የሚለው ቃል «ገለጠ» ከሚለው ጋር ዘመድ ነው። መጋረጃው ሲገለጥ፣ ክዳኑ ሲነሣ፣ ውስጥ ያለው ለነፋሱም ለፀሐዩም ይጋለጣል።

ሁለቱም አነጋገር መልካም ትምህርት አለው። እንግሊዝኛው «ከመንገዱ ዞር በል» ይለናል። አማርኛው «የተገለጠውን ክደን» ይለናል። ጀሪካኑን ከልጆች እጅ ማራቅ ከመንገዱ ዞር ማለት ነው። ጓንት ማጥለቅ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን የተገለጠውን መክደን ነው።

3. ጉዳት ደረጃ አለው

እናታችን «ምን ያህል?» ብለው መጠየቃቸው ትክክል ነበር። በጸረ-ተባይና በጸረ-አረም ኬሚካል ዕቃ ላይ የሚጻፉት ቃላት ዝም ብለው የተመረጡ አይደሉም። እንደ ሚዛን ድንጋይ ተለክተው የተቀመጡ ናቸው። ብዙ አገሮች የተስማሙባቸው ዋናዎቹ ቃላት ሦስት ናቸው።

አንደኛው «ፌታል» ነው። ይገድላል ማለት ነው። በጣም ጥቂት እንኳ ቢዋጥ ሕይወት ያጠፋል።

ሁለተኛው «ቶክሲክ» ነው። መርዛማ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ዝቅ ይላል እንጂ ብርቱ መርዝ ነው።

ሦስተኛው የእኛው ቃል «ሃርምፉል» ነው። ጉዳት ያደርሳል ማለት ነው።

ታዲያ «ሃርምፉል» ከሦስቱ የመጨረሻው ስለ ሆነ አይገድልም ማለት ነው? አይደለም። ለመግደል የሚበቃው መጠን ከሌሎቹ ይበልጣል ማለት ብቻ ነው። ብዙ ከተዋጠ ይገድላል። ደግሞም «ብዙ» የሚባለው ነገር እንደ ሰውየው ክብደት ይለያያል። እስቲ እናስላው። አንድ አዋቂ ሰው 60 ኪሎ ይመዝናል እንበል። አንድ ሕፃን 10 ኪሎ ይመዝናል እንበል። 60 ለ10 ሲካፈል 6 ይሆናል። ስለዚህ ሕፃኑ አንድ ጉንጭ ቢጠጣ፣ አዋቂው ስድስት ጉንጭ እንደ ጠጣ ያህል ነው። ለአባት «ጉዳት» የሆነው ለልጁ «ሞት» ሊሆን ይችላል።

ገበሬው «ቱፎርዲ» እያለ የሚጠራው የስንዴና የጤፍ ጸረ-አረም፣ እንዲሁም ማላታይን የሚባለው ጸረ-ተባይ፣ ቢዋጡ ጉዳት ያደርሳሉ ከሚባሉት ወገን ናቸው። የማናውቃቸው ሩቅ ነገሮች አይደሉም። በየቤታችን ጓዳ የሚገኙ ናቸው።

በብዙ ዕቃዎች ላይ ቀለምም አለ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ እንዲረዳው በወረቀቱ ግርጌ መስመር ይደረጋል። ቀዩ ከሁሉ የበረታ መርዝ ነው። ቢጫው ይከተላል። ከዚያ ሰማያዊው፣ በመጨረሻም አረንጓዴው ይመጣል። አረንጓዴ ማለት ግን «ጠጡት» ማለት አይደለም። የራስ ቅልና ሁለት አጥንት የተሳለበት ዕቃ ደግሞ ማንም ሰው በስሕተት እንኳ ሊጠጋው አይገባም።

4. «ቢ» የምትለዋን ፊደል አትናቋት

«ቢዋጥ ጉዳት ያደርሳል» ሲባል አንዳንድ ሰው «እኔ አልውጠውም፤ ስለዚህ አያገባኝም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ጉዳት ወደ ሰው ገላ የሚገባበት በር ሦስት ነው።

አንዱ በር አፍ ነው። «ኢፍ ስዋሎድ» የሚለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው በር ቆዳ ነው። «ኢን ኮንታክት ዊዝ ስኪን» ይላል፤ ቆዳ ቢነካ ማለት ነው። በባዶ እጅ የሚያማስል፣ የሚያፈስ መርጫ በጀርባው የሚያዝል ሰው ሳይጠጣ ይጠጣል።

ሦስተኛው በር ትንፋሽ ነው። «ኢፍ ኢንሄልድ» ይላል፤ ከአየር ጋር ወደ ሳንባ ቢገባ ማለት ነው። በኅዳር ወር 1977 ዓ.ም. በሕንድ አገር ቦፓል በምትባል ከተማ ጸረ-ተባይ ከሚሠራ ፋብሪካ መርዘኛ ጋዝ በሌሊት አፈተለከ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። እነዚያ ሰዎች አንዳች አልዋጡም፤ ተኝተው ይተነፍሱ ነበር። ስለዚህ ወደ ነፋስ ፊት ለፊት ቆሞ መርጨት፣ እየረጩም መብላትና ማጨስ ትልቅ ጥፋት ነው።

ሌላም አስተውሉ። «ቢዋጥ» ይላል እንጂ ማን እንደሚውጥ አይናገርም። ብዙ ጊዜ የሚውጠው ግን ማንበብ የማይችለው ነው፤ ሕፃኑ ነው፣ ሌሊት ውኃ ጠምቶት በጨለማ የሚዳብስ እንግዳ ነው። ላላነበበው ሰው ኃላፊው ያነበበው ሰው ነው። እናንተ አሁን ካነበቡት ወገን ናችሁ።

5. «መድኃኒት» የምንለው ነገር

እዚህ ላይ የራሳችንንም ቋንቋ እንመርምር። በየገበያው «የአረም መድኃኒት»፣ «የተባይ መድኃኒት» ሲባል እንሰማለን። መድኃኒት የሚለው ቃል «ዳነ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። መድኃኒት የሚያድን ነገር ነው። ታዲያ አረምን የሚገድል፣ ትልን የሚገድል ነገር ማንን አዳነ? እርግጥ ሰብሉን አድኗል። ለሰው ግን መድኃኒት አይደለም።

ስሙ ግን ሰውን ያታልላል። «መድኃኒት ነው» የተባለውን ነገር ሰው አይፈራውም። በአንዳንድ ቦታ ለራስ ቅማል፣ ለቁስል፣ ለቁንጫ የእርሻ ኬሚካል ገላ ላይ የሚቀባ አለ። ይህ ሰውን ለጉዳት መዳረግ ነው። ያው አንድ ጀሪካን በእንግሊዝኛ «ይጎዳል» ተብሎ ተጽፎበት፣ በእኛ አፍ «ያድናል» ተብሎ ይጠራል። ከዛሬ ጀምሮ «የተባይ መርዝ»፣ «የአረም መርዝ» ብንለው ምን ይመስላችኋል? ስሙ ሲስተካከል አያያዙም ይስተካከላል። ልጅም «መርዝ» የሚለውን ቃል ሲሰማ እጁን ይሰበስባል።

6. ሐይቁም ይውጣል

የሐዋሳን ሐይቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ያወጣሉ፤ አባ ኮዳው ትርፍራፊውን ይለቅማል። ከምሥራቅ በኩል ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ይህን ልብ በሉ። ዝናቡ ከየማሳው አጥቦ ያመጣውን ወደ ሌላ አገር የሚወስድለት ወንዝ የለም። ውኃው በፀሐይ ይተናል፤ ብዙው ነገር ግን እዚያው ይቀራል።

ዲዲቲ የሚባለውን ኬሚካል ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። በአገራችን የወባ ትንኝን ለመግደል ለብዙ ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ተረጭቷል። ብዙ ሰውም ከወባ አድኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ዲዲቲ ቶሎ አይጠፋም። በውኃ አይሟሟም፤ በስብ ውስጥ ግን ይከማቻል። ትንሹ ነፍሳት ይበላዋል፣ ነፍሳቱን ዓሣ ይበላዋል፣ ዓሣውን ወፍና ሰው ይበሉታል። በየደረጃው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። ተመራማሪዎች በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ የዲዲቲን ቅሪት አግኝተዋል። በ1993 ዓ.ም. በስዊድን አገር በስቶክሆልም ብዙ መንግሥታት ተሰብስበው ዲዲቲ በእርሻ ላይ እንዳይውል፣ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ በጥንቃቄ እንዲፈቀድ ተስማሙ።

ከዚህ የምንማረው ይህን ነው። መርጫችሁን በወንዝ ውስጥ ስታጥቡ «ኢፍ ስዋሎድ» የሚለውን አስታውሱ። ወንዙ ይውጠዋል፤ ሐይቁ ይውጠዋል፤ ዓሣው ይውጠዋል። በመጨረሻ እኛው እንውጠዋለን።

7. «ጉዳት ደረሰ» እና «ጉዳት አደረሰ»

አሁን ወደ ጽሕፈት እንለፍ። አቤቱታ ስትጽፉ ወይም ስታስጽፉ እነዚህን ሁለት አነጋገሮች ለዩ።

«በንቦቼ ላይ ጉዳት ደረሰ» ቢባል ማን እንዳደረሰው አይታወቅም። በረዶም ሊሆን ይችላል፤ በሽታም ሊሆን ይችላል። አድራጊው ተደብቋል።

«ጎረቤቴ ንቦች አበባ በሚቀስሙበት ሰዓት ኬሚካል ረጭቶ በንቦቼ ላይ ጉዳት አደረሰ» ቢባል ግን አድራጊው ታወቀ፤ ሥራው ታወቀ፤ የተጎዳውም ታወቀ።

ልዩነቱ አንዲት «አ» ናት። ይቺ ፊደል ግን በዳኛ ፊት ትልቅ ክብደት አላት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው መካስ እንዳለበት ይደነግጋል። እንግዲህ ከሳሽ ሦስት ነገር ማሳየት ይኖርበታል፤ ጥፋቱን፣ ጉዳቱን፣ ጉዳቱም ከዚያ ጥፋት የመጣ መሆኑን። ይኸው ሕግ በቁጥር 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይናገራል። ስለዚህ ጉዳት ሲደርስ ቀኑን ጻፉ። ያየውን ሰው ስም ጻፉ። የጠፋውን ቁጥር ጻፉ። መጻፍ የተማራችሁት ለዚህም ጭምር ነው።

አነጋገሩን በእውነት ብቻ ተጠቀሙበት። ማን እንዳደረሰው ሳታውቁ «አደረሰ» ብላችሁ ሰው ብትወነጅሉ፣ ጉዳት አድራሾች እናንተ ራሳችሁ ትሆናላችሁ።

8. ምን እናድርግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ስለዚህ፦

ሀ. የኬሚካል ባዶ ዕቃ ለውኃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ፣ ለወተት አትጠቀሙ። በአመድም ታጠበ በፈላ ውኃ አይጸዳም።

ለ. ኬሚካል ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አትገልብጡ። ልጅ ጠርሙሱን ያውቀዋል፤ ውስጡ ያለውን አያውቅም።

ሐ. ዕቃው ሲያልቅ ሦስት ጊዜ በውኃ አለቅልቁ። እጣቢውን ወደ መርጫው ጨምሩና በማሳው ላይ እርጩት። ከዚያ ዕቃውን ብሱት። የተበሳ ዕቃ ገበያ አይወጣም።

መ. ሰው ቢውጥ በጣታችሁ ወይም በጨው ውኃ አታስመልሱት። ወተት እያጠጣችሁም ጊዜ አታጥፉ። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጽሑፉ ያለበትን ዕቃ አብራችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ የሚያክመው እሱን አንብቦ ነው።

ሠ. ገላ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቁ፤ ገላውን በብዙ ውኃና በሳሙና እጠቡ።

ረ. ሳታነቡ አትግዙ። ጽሑፉ የተቀደደ ዕቃ ስሙን እንደ ካደ ሰው ነው፤ አትመኑት።

9. መደምደሚያ

የእናታችን ልጅ በጤና ጣቢያ ተመርምራ ደህና መሆኗ ታወቀ። እናታችን በማግስቱ ማታ ጀሪካኑን ይዘው ወደ ክፍል መጡ። ሁላችንም እያየን በምስማር አራት ቦታ በሱት። ከዚያ ጠመኔ ተቀብለው በሰሌዳው ላይ በራሳቸው እጅ «ቢዋጥ ጉዳት ያደርሳል» ብለው ጻፉ። «ጉዳት» በሚለው ላይ «ዳ»ን ረስተው «ጉት» ብለው ነበር። ጎረቤታቸው አስታወሷቸውና አረሙት።

በሚቀጥለው ሳምንት እናታችን በመንደራቸው ቤት ለቤት ዞረው ስድስት እንዲህ ያለ ጀሪካን አገኙ። ባለቤቶቹ ገንዘብ ያወጡበትን ዕቃ ለመብሳት ሳስተው ነበር። አንዷ «ታጥቧል እኮ» ብላ ተከራከረች። እናታችንም ያነበቡትን አስረዷት፤ ቃሉን ቀን በቀን ስለ ተለማመዱት አላቃታቸውም። ስድስቱም ተበሱ።

እኛም ከእሳቸው አንድ ነገር ተምረናል። ቃል ተርጉሞ መቆም አይበቃም። «ምን ያህል? ማንን? በምን በኩል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ጥያቄ የጠየቁን ፊደል ከቆጠሩ ስድስት ወር ያልሞላቸው እናት ናቸው።

የቃላት ፍቺ

መጋለጥ፦ ሳይሸፈኑ፣ ሳይጠበቁ መቅረት
ቅሪት፦ ከአንድ ነገር የተረፈ፣ ሳይጠፋ የቀረ
ካሳ፦ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል
ጥፋት፦ ማድረግ የማይገባውን ማድረግ ወይም የሚገባውን አለማድረግ

ጥያቄዎች

1. «ሃርምፉል ኢፍ ስዋሎድ» ማለት ምን ማለት ነው?
2. «ፌታል»፣ «ቶክሲክ»፣ «ሃርምፉል» ከሚሉት ቃላት የትኛው ይበረታል?
3. ጉዳት ወደ ገላችን የሚገባባቸውን ሦስት በሮች ጥቀሱ።
4. አዋቂው 60 ኪሎ፣ ልጁ 15 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ልጁ የጠጣው አንድ ጉንጭ ለአዋቂው ስንት ጉንጭ ያህል ይሆናል?
5. «ጉዳት ደረሰ» እና «ጉዳት አደረሰ» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ ምሳሌ ጻፉ።
6. ዛሬ ማታ በቤታችሁ ጓዳ ያሉትን ጀሪካኖችና ጠርሙሶች ቁጠሩ። በእያንዳንዱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ያልገባችሁን ቃል በደብተራችሁ ገልብጣችሁ ወደ ክፍል አምጡ።